ሁለት ሌንስና አሥራ አንድ ቀን

«ሁለቱም የሩቅ ናቸው። ሰው ትፈራለህ እንዴ?»

ንጋቷ ወደ ሕይወቴ የገባችው በዚህች ጥያቄ ነው።

ስሜ ወልደተንሣኤ ነው፤ ሰው ወልዴ ይለኛል። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ የምትገኝ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ያን ቀን አምስት ሌንሶች ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ግራ ገብቶኝ ቁጭ ብያለሁ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎችን ኑሮ ዓመቱን ሙሉ እየዞርኩ በፎቶ እንድመዘግብ ቀጥሮኛል። ሥራው የእግር ነው። አምስት ሌንስ ተሸክሞ በየቀኑ መዞር አይቻልም፤ ሁለት ብቻ መያዝ አለብኝ። ከሩቅ የሚስበውን ረጅሙን ዙምና ሰማንያ አምስት ሚሊሜትሩን ለየት አድርጌ አስቀመጥኩ።

እሷ የመጣችው ጉርድ ፎቶ ልትነሳ ነበር፤ ለፋብሪካ ሥራ ማመልከቻ። ዓይኗ ግን ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

«ምን እያደረግህ ነው ወንድሜ?»

«ለዘወትር የምይዛቸውን ሁለት ሌንሶች እየመረጥኩ ነው» አልኳት፤ አይገባትም ብዬ።

ያኔ ነው ሁለቱም የሩቅ ናቸው ያለችኝ። ፊቴ ጋለ።

«ሌንስ ታውቂያለሽ?»

«አባቴ ወለጋ ፎቶ ቤት ነበረው። እዚያው ውስጥ ነው ያደግሁት። አሁን ቤቱም የለ፣ አባቴም የለ።» ድምፅዋ አልተለወጠም። ሳታስፈቅደኝ ሰፊ የሚያሳየውን ሠላሳ አምስቱን አነሳችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ይህን ያዝ። ይህ ቤት ያስገባሃል። ሰውየውንም፣ የተቀመጠበትን ጀሪካንም፣ በር ላይ የቆመውንም አንድ ላይ ያሳይሃል። ሰማንያ አምስቱ ለፊት ነው፣ ይኑር። ሀምሳው የሁለቱ አማካይ ነው፣ ይቅር። ይህን ረጅሙን ደግሞ ለሠርግና ለወፍ ተወው!»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ጉርዷን በሰማንያ አምስቱ አነሳኋት። በሌንሱ ውስጥ ዓይኗን ሳይ ጣቴ መጫን አቃተው...

«አልጨረስክም?»

«አንድ ጊዜ... ብርሃኑን ላስተካክል» አልኳት። ብርሃኑ ምንም አልሆነም ነበር።

በሳምንቱ የምትኖርበት መጠለያ ስሄድ ሠላሳ አምስቱ ካሜራዬ ላይ ነበር። እውነቷን ነው፤ ሌንሱ ሩቅ አያስቆምም። መግባት አለብህ፤ ገብተህ መቀመጥ፣ የሰው ስም መጠየቅ አለብህ። እሷ እየመራች በየመጠለያው አስገባችኝ። እናቷ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ልጄ ይሉኝ ጀመር። የፋብሪካው ሥራ ሳይሳካ ሲቀር ንጋቷ ከእኔ ጋር መዞሩን ቀጠለች፤ እኔ አንዱን ሌንስ፣ እሷ ሌላውን ይዛ። ወደድኳት። እንዴት እንዳልወድ!

በወሩ ነገርኳት። ከመጠለያው ጀርባ የውሃ ተራ እየጠበቀች ነበር።

«ወልዴ፣ እኔ ምን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ባለትዳር ነኝ? ወይስ ባል የሞተባት? ንገረኝ እስቲ!»

ባሏ ይርጋ ይባላል። ከአራት ዓመት በፊት መንደራቸው ሲቃጠል እሷንና እናቷን ከጎረቤት ጋር መኪና ላይ አሳፍሮ፣ ሽማግሌ አባቱን ሊያመጣ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያየው የለም። ስልክ ውስጥ ያለች አንዲት ፎቶውን አሳየችኝ። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነው። የግራ ጆሮው ጫፍ የለም፤ በልጅነቱ ውሻ ነክሶት።

«ተዝካሩን እንዳላወጣ ሬሳውን አላየሁም። እንዳልጠብቀው አራት ዓመት ሆነ። መሀል ላይ ነኝ ወልዴ... መሀል ላይ መኖር ገደለኝ።»

«እጠብቅሻለሁ» አልኳት።

«ምኑን?»

ጀሪካኗን አንስቼ አብሬያት ተሰለፍኩ።

ጥቅምት ላይ ደነባ ሄድኩ፤ ተፈናቃዮች ከመጠለያ ወጥተው በየገበሬው ማሳ እንደሚሠሩ ሰምቼ። ያን ጊዜ ንጋቷ እናቷ ታመው አልመጣችም። ቅዳሜ ገበያ ላይ አንዲት ምስር ሻጭ በሠላሳ አምስቱ አነሳሁ፤ ቀረብ ብዬ፣ እንደተማርኩት። በማግሥቱ ጠዋት ፎቶ ቤቴ ገብቼ ኮምፒውተሩ ላይ ሳገላብጥ፣ ከሴትየዋ ጀርባ፣ ሥዕሉ ጠርዝ ላይ፣ ጆንያ የሚያነሳ ሰው አየሁ።

ቀጭን፣ ረጅም።

አጎላሁት። የግራ ጆሮው ጫፍ የለም።

ረጅሙን ዙም ይዤ ቢሆን ኖሮ የሴትየዋን ፊት ብቻ ነበር የማነሳው። ያ ሰው ሥዕሉ ውስጥ አይገባም ነበር። ሌንሱን የመረጠችው እሷ ናት፤ ባሏንም ያገኘችው እሷ ናት ማለት ነው። እኔ ግን... ዝም አልኩ።

በየጠዋቱ ልነግራት እነሳለሁ። በየጠዋቱ ፊቷን ሳይ አፌ ይዘጋል። ነገ እላለሁ፤ ነገ ደግሞ ሌላ ነገ አለው። እንጀራ አልወርድልህ አለኝ። ጥፋቴን ለመሸፈን ይሁን ለመካስ አላውቅም፣ ደግ ሆንኩ። ለእናቷ መድኃኒት ይዤ ሄድኩ። የመጠለያቸውን ጣሪያ በአዲስ ሸራ አለበስኩ። እማማ እየመረቁኝ፣ እኔ እየተቃጠልኩ!

በስምንተኛው ቀን ለሥራ አንኮበር ወረድን። ጎረቤላን አልፈን፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጥን። ጉሙ ሲገለጥ ቆላው እስከ አፋር ድረስ ተዘረጋ። ንጋቷ ካሜራውን ከእጄ ወሰደችና ገደሉን ሳይሆን እኔን አነሳችኝ። ከዚያ ሳቀች። ካወቅኋት ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አይቼ አላውቅም።

«ወልዴ...»

«ወይ?»

«ወስኛለሁ። ይርጋ ሞቷል። ልቤን አሳመንኩት። የፊታችን እሁድ ተዝካሩን አወጣለትና... ከዚያ ሽማግሌ ልትልክ ትችላለህ።»

ስመኘው የኖርኩት ቃል ነው። ካሜራውን ከእጇ ተቀብዬ ወደ ቦርሳው መክተት ጀመርኩ።

«ምነው? ደስ አላለህም?»

«ደስ ብሎኛል» አልኩ። አዎ፣ እንደዚያ አልኳት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ!

በአሥራ አንደኛው ቀን ወደ መጠለያው ስሄድ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ለጠላው ብቅል ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ። መምሬ ኃይለኢየሱስ የነፍስ አባታቸው ናቸው፤ አጠገባቸው ተቀምጠው ስም ይጽፋሉ። «ክርስትና ስሙን ንገሩኝ፤ ለፍትሐቱ» ይላሉ። ንጋቷ ጥቁር ነጠላ ትዘመዝማለች። በሕይወት ላለ ሰው!

ያሳተምኩትን ሥዕል ከቦርሳዬ አውጥቼ እጇ ላይ አኖርኩ።

መጀመሪያ ምስር ሻጯን አየች። ከዚያ ጠርዙን። መርፌው ከእጇ ወደቀ።

«የት ነው?»

«ደነባ።»

«መቼ?»

«አሥራ አንድ ቀኑ።»

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እየቆጠረች ነበር። «አንኮበር... አንኮበር ስንሄድ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

አልጮኸችም። አልመታችኝም። ብትመታኝ ደስ ባለኝ። ሥዕሉን በነጠላዋ ጠቀለለችና እናቷን «እማዬ ተነሽ፣ እንሂድ» አለቻቸው። በአጠገቤ ሲያልፉ እማማ እንኳ ዓይኔን አላዩም። መምሬ ኃይለኢየሱስ ብቻ ቀሩ።

«አባ፣ ጠፋሁ» አልኳቸው።

«ዛሬ አይደለም የጠፋኸው ልጄ» አሉኝ። «ዛሬስ ተገኘህ።»

ቃላቸው አላጽናናኝም። ሳምንት ሙሉ ፎቶ ቤቴን ከፍቼ ቁጭ አልኩ። ስደውል አይነሳም። ከባሏ ጋር ተገናኝታ ትሆናለች፣ እያልኩ ደስ ሊለኝ ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ምኑን ልደሰት? እንደሚጠላ ሰው እንኳ ሳይሆን፣ እንደሌለሁ ቆጥራኝ ሄዳለች።

በስምንተኛው ቀን እማማ ብቻቸውን መጡ። በሩ ላይ ቆመው አልገባም አሉ።

«ሰውየው በሕይወት አለ» አሉኝ። «አግብቷል። ሕፃን ልጅ አለችው። የእኛ መኪና መንገድ ላይ ተቃጠለች ብለው ነግረውት፣ የሷን ተዝካር ካወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ልጄን ሲያያት መሬት ላይ ተደፋ፤ እግሯን ይዞ አለቀሰ።»

«እሷስ እማማ? እሷ ምን አለች?»

«ሕፃኗን ተቀብላ አቀፈቻት። ከዚያ በሽማግሌ ፊት ፈታችው። ልጅህን አሳድግ አለችው።» ነጠላቸውን አጠበቁ። «አንተን ግን እንዳትፈልገኝ ብላሃለች።»

ሄዱ።

ንጋቷ ወደ ደብረ ብርሃን አልተመለሰችም። ጎረቤላ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጠረች ሲሉ ሰማሁ። አራት ወር ቻልኩ። ሥራዬን ሠራሁ፤ ሰው ቤት ገባሁ፣ ወጣሁ። በየገባሁበት «ያቺ ልጅስ?» ይሉኛል። በመጨረሻ መጋቢት ላይ መኪና ተሳፍሬ ወረድኩ። ካሜራ አልያዝኩም።

ፎቶ ቤቱ ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ ጉርድ ፎቶ በመቀስ ትቆርጣለች። ከስታለች። ቀና ብላ አየችኝና ወደ መቀሷ ተመለሰች።

«ይቅር በይኝ ልል አይደለም የመጣሁት» አልኳት። «ይቅር የሚባል አይደለም። እንዳለሽ ላይ ብቻ ነው።»

«አየህ። አለሁ።»

ልወጣ ዞርኩ።

«ቆይ!» አለች። «ለምን እንደደበቅከኝ ይገባኛል። ፈራህ። ሰው ሲፈራ ይደብቃል። የገደለኝ እሱ አይደለም ወልዴ... የገደለኝ በእነዚያ ቀናት ደግነትህ ነው! ጣሪያችንን ሸራ ስታለብስ፣ ለእማዬ መድኃኒት ስታመጣ... አሁን የትኛው ደግነትህ እውነት እንደነበር አላውቅም። የቀደመውንም አበላሸህብኝ።»

የተቆረጠ ጉርድ መሬት ወድቆ ነበር፤ አንስቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩላት።

«ይርጋ ሳያውቅ ጎዳኝ። አንተ እያወቅህ። አንድ ነገር ግን መልስልኝ። ባትነግረኝ ማንም አያውቅም ነበር። ተዝካሩ ወጥቶ፣ ሽማግሌ ልከህ፣ ታገባኝ ነበር። ለምን ነገርከኝ? ለፈጣሪ ብለህ ነው?»

ለፈጣሪ ብዬ ነው ብል ያምርልኝ ነበር። ግን አልነበረም።

«አይደለም» አልኳት። «ጥቁር ነጠላ ስትዘመዝሚ አየሁሽ። እሁድ እሱን ለብሰሽ ስታለቅሺ፣ እኔ ከጎንሽ ቆሜ አይዞሽ ልልሽ ነው። ያን ማድረግ አልቻልኩም። ከማጣሽ በላይ ያ ከበደኝ።»

መቀሱን አስቀመጠች። ባንኮኒው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አልነካኋትም። መንካት መብቴ አልነበረም።

በመጨረሻ ፊቷን ጠራረገችና «ሽማግሌ ላክ» አለችኝ። «ወደ እማዬ። እሷ እምቢ ካለች ግን እኔም እምቢ ነኝ። ሁለተኛ እንዳትመጣ።»

ከፋሲካ በኋላ መምሬ ኃይለኢየሱስና ሁለት አጎቶቼ እማማ መጠለያ ገቡ። አግቢው ከሽማግሌ ጋር መግባቱ ባህሉ አይደለም፣ እኔ ውጭ መቅረት ነበረብኝ። እማማ ግን «እሱም ይግባ፤ ከሱ ጋር ነው ጉዳዬ» አሉ። ንጋቷ ከጎረቤላ መጥታ ከመጋረጃው ጀርባ ናት። ትንፋሿ ይሰማኛል።

አጎቶቼ የዘር ሐረጌን፣ ሙያዬን ቆጠሩ። እማማ አልሰሟቸውም። እኔን ያያሉ።

«ልጄን አንዴ እውነቱን ደብቀሃታል» አሉኝ። «ሌላስ የደበቅኸው አለ?»

አለ። ለእናንተም አልነገርኳችሁም፤ አፍሬ ነው።

የለም ማለት እችል ነበር። አንዱ አጎቴ በክርኑ ጎሸመኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ትንፋሽ ቆመ።

«አለ እማማ» አልኩ። «ሥዕሉን ያየሁ ዕለት አጥፍቼው ነበር። ከኮምፒውተሩም፣ ከካሜራውም። ሁለት ቀን ሙሉ የለም ብዬ ኖሬያለሁ። በሦስተኛው ቀን ነው የጠፋ ፎቶ በሚመልስ ፕሮግራም ፈልጌ ያስመለስኩት። ባይመለስልኝ ኖሮ... ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም።»

አጎቴ ባርኔጣውን አነሳ፤ ሊወጣ። አልቋል ብዬ እኔም ተነሳሁ።

«ተቀመጥ» አሉ እማማ። ወደ መምሬ ዞሩ። «ይህ ሰው ሊያገባ መጥቶ ራሱን ይከሳል። ምን ዓይነት ሞኝ ነው አባ?»

«ከእንግዲህ የማይደብቅ ሞኝ ይመስለኛል» አሉ መምሬ።

«ንጋቷ!» ብለው ተጣሩ እማማ። «ሰማሽ?»

መጋረጃው ተገለጠ። ዓይኗ ቀልቷል።

«ሰማሁ።»

«እኔ እሺ ብያለሁ። የቀረው ያንቺ ነው።»

ንጋቷ ፊት ለፊቴ ቆመች። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሩቅ የሚቆምበት ቦታ የለም።

«ሌላስ አለ?» አለችኝ።

«ሌላ የለም።»

አጠገቤ ቁጭ አለች። ትከሻዋ ትከሻዬን ነካ። እጄ በፍርሃት እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር። የለበሰችውን ጋቢ ጫፍ ገለጥ አደረገችና፣ ማንንም ሳታይ፣ ሸፈነችልኝ።