ሽቦ የገጠመው ራም

ስክሪኑ 1333 ይላል። መርማሪዋ ዓይኗን አሸት አሸት አድርጋ ደግማ አየችው። ያው 1333። በእጇ የያዘችው ባዶ ማሸጊያ ግን በትልቁ 1600 ይላል።

«መርማሪዋ» የሚለውን ስም ያወጣችላት እናቷ ናት፤ ልጅቷ የሰጧትን መልስ ሳትበረብር አትውጥም። አሁን ደግሞ የሚበረበር ነገር ተገኘ። አሮጌው ኮምፒውተራቸው አንድ ፎቶ ለመክፈት እንኳ ያቃስት ስለነበር፣ ሽቦ የሚሉት የአክስቷ ልጅ በእናቷ አደራ አዲስ ራም ገዝቶ ከሰዓት ገጥሞላቸው ሄዷል። ራም ኮምፒውተሩ የጀመረውን ሥራ ለጊዜው የሚይዝባት ቀጭን ሰሌዳ ናት፤ ቁጥሩ ፍጥነቷን ይናገራል። ሽቦ ማሸጊያውን ቀደደና ድንገት ቆም ብሎ፣ «እስቲ ደረቅ ጨርቅ አምጪልኝ» አላት። ስትመለስ ሥራው አልቆ ክዳኑን ይገጥም ነበር። ጨርቁን ዞር ብሎም አላየው።

ታዲያ ለምን ላካት?

በማግስቱ፣ «ሽቦ ራሙን ለውጦብኝ ይሆን?» ብላ ለጓደኛዋ ነገረቻት።

«ሸውዶሻል!» አለች ጓደኛዋ። «አዲሱን ወስዶ የራሱን አሮጌ ሰክቶልሻል። ቅዳሜ ደግሞ የትምህርት ቤት ክበባችንን ኮምፒውተሮች ሊያድስ ነው እኮ! ሳይቃጠል በቅጠል፤ ለቲቸር እንንገረው።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ላረጋግጥ።»

«ምኑን? ቁጥሩ ተናገረ አይደል?»

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት ማንም አልነበረም። ሶኬቱን ነቅላ ክዳኑን ከፈተች። ሁለት ራሞች ጎን ለጎን ተሰክተዋል፤ አንዱ አቧራ የጠጣ፣ ሌላው ንጹሕ። ምናልባት አሮጌው አዲሱን እየጎተተው ይሆን? አሮጌውን አውጥታ በአዲሱ ብቻ አስነሣችው።

1333።

«ያዝኩህ!» አለች። ግን ደግሞ ብስክሌት ያስተማራት ሽቦ ነው፤ ስትወድቅ ሳይስቅባት።

ለማስረጃ ፎቶ ልታነሳው ኮምፒውተሩን አጥፍታ ሰሌዳዋን ነቀለቻት። ጎኗ ላይ የተለጠፈውን ደቃቃ ጽሑፍ በስልኳ መብራት አነበበች። 1600። ተከታታይ ቁጥሩም ከማሸጊያው ጋር አንድ ነው። አልተለወጠም ማለት ነው።

ደወለችለት።

«ሽቦ፣ ራሙ 1600 ሆኖ ለምን በ1333 ይሠራል?»

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«ፕሮሰሰሩ ነዋ፤ የኮምፒውተሩ አንጎል። አሮጌ ስለሆነ ከ1333 በላይ አያስኬድም። ራሙ የፈለገውን ያህል ፈጣን ቢሆን በሱ እርምጃ ነው የሚሄደው። ሁለቱን ሳላመሳክር ገዛሁ። ማሸጊያውን ከቀደድኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።»

«ጨርቁስ?»

«የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ስልኬ ላይ እስካይ እንዳታዪኝ ብዬ ነው። አዋቂ ነኝ ብዬ ተኮፍሼ መጥቼ... አፈርኩ በቃ።»

ስልኳ ጆሮዋ ሥር ጢጥ አለ። የጓደኛዋ መልእክት ነው፦ «ለቲቸር ነገርኩት። ነገ ጠዋት ይጠራሻል። እንዳትለሳለሺ!»

መርማሪዋ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

«ሽቦ... ራሙን ለውጦብኛል ብዬ ለጓደኛዬ አውርቻለሁ። እሷም ለቲቸር ነግራዋለች።»

«ሌባ አደረግሽኝ?» አለ ሽቦ ቀስ ብሎ።

«አዎ።» አለች። «ነገ ቲቸር ጋ ገብቼ እንዳልሰረቅክ፣ ያልሆነውን ያወራሁት እኔ እንደሆንኩ እነግረዋለሁ። የፕሮሰሰሩን ነገር ግን እኔ አላወራልህም። ትምህርት ቤት ከመጣህ ራስህ ትናገራለህ።»

ስልኩን የዘጋው መስሏት ስክሪኑን አየች፤ አልዘጋውም።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትገቡት?» አለ ሽቦ።