ነጭ ሽንኩርቱን ግን…

እኔ የዚያን እሁድ ከቤቴ የወጣሁት ላገባ እንጂ ሰው ልገድል አልነበረም። ሸሚዜን ተኩሼ፣ ጫማዬን ወልውዬ፣ በብብቴ አንድ ጠርሙስ ይዤ ነው የወጣሁት። ጠርሙሱ ደግሞ ያምር ነበር። ወርቅ የመሰለ የወይራ ዘይት፣ ውስጡ የነጭ ሽንኩርት ፍሬ፣ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል፣ ሁለት ቀይ ቃሪያ። ፀሐይ ሲያገኘው ያበራል። እንደዚያ የሚያምር ነገር ሰው ይጎዳል ብሎ ማን ያስባል?

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሥራዬ ዳቦ ማድረስ ነው። ጠዋት ከዳቦ ቤቱ እጭንና በየምግብ ቤቱ ጓሮ በር እየዞርኩ ሳጥን አወርዳለሁ። ከትምህርት ጋር ገና በልጅነቴ ነው የተጣላነው፤ እስከ ዛሬ ጽሑፍ የማነበው በጣቴ እየተከተልኩ ነው። በአፍ ግን አልታማም። ከኔ ሁሉ ነገር የተማረው አፌ ብቻ ነው።

እሷን ያገኘኋት በስህተት ነው። የአንዱን ምግብ ቤት ሳጥን ለሌላው አውርጄ ላስተካክል ስመለስ፣ ጓሮ በሩ ላይ ነጭ ሽርጥ ያሰረች ልጅ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ይሄ የኛ ዳቦ አይደለም።»

«ስማችሁን ልጻፍበት?»

«የኛ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው። ይሄ ዘይት ሲነካው ይሟሟል።»

አልሳቀችም። ሳወራላት ያልሳቀች ሴት ስታጋጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው። በልቤ ኮስታራ ብዬ ስም አወጣሁላት። እሷ ደግሞ በሳምንቱ ወፈፌ አለችኝ። በዚያው ጸደቀልን።

ኮስታራ የምትሠራው እንግዳው ፊት ቀድሞ የሚቀርበውን ነው፤ ዳቦውንና የዘይት ማጥቀሻውን። ሰዉ ምሳውን ሳያዝ በፊት ዳቦውን አጥቅሶ አጥቅሶ ይጠግባል። እኔም የዳቦ ጫፍ እየቆረስኩ ከሳህኗ እሰርቃለሁ። ታየኛለች፣ ዝም ትላለች። ያ ዝምታዋ እያደር ሌላ ነገር ሆነ። አንድ ቀን አርፍጄ ብመጣ የዳቦውን ጫፍ ለብቻው በናፕኪን ጠቅልላ አስቀምጣልኛለች። ምንም ሳትል ሰጠችኝ። እኔም፣ ይመዝገብልኝ፣ ምንም ሳልል ተቀበልኩ።

ጉዴ ግን ቀልዴ ነው። አንድ ቀን ጓሮው ውስጥ ቆሜ ደወልኩላት። ድምፄን አጎርንኜ «ከጤና ቁጥጥር ነው፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ እንደርሳለን» አልኳት። ማቀዝቀዣውን ስትፈትግ፣ መደርደሪያውን ስታራግፍ በመስኮት እያየሁ በሳቅ ፍርስ አልኩ። እኔ መሆኔን ስታውቅ ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። ወሬውም አባቷ ጆሮ ገባ።

አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ሠላሳ ዓመት ነድተው አንዲት ድመት አልገጩም ይባላል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ያለቻቸው እሷ ብቻ ናት። ስለኔ ስትነግራቸው እንዲህ አሏት፦

«በስልክ ሰው የሚያስደነግጥ ልጅ አማች አይሆነኝም። ነገ የምሩን ሲናገር ማን ያምነዋል?»

ያቺን ቃል ስትነግረኝ ስቄባታለሁ።

ከታረቅን በኋላ ማጥቀሻውን እንድታስተምረኝ ለመንኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። አባቷ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የምግብ ቤቱ መመገቢያ ክፍል ደግሞ ፎቅ ላይ ነው። ልጃቸው ቀኑን ሙሉ ለሌላ ሰው የምታቀርበውን አንድ ቀን በወጉ ቀምሰውት አያውቁም። እሳቸው ወደ ምግብ ቤቱ ካልመጡ፣ እኔ ምግብ ቤቱን ቤታቸው ድረስ እወስድላቸዋለሁ አልኩ።

አሳየችኝ። ጎድጓዳ ሳህን ላይ አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ከጨው ጋር ደቆሰች። ኦሬጋኖ የሚሉትን ደረቅ ቅጠል በመዳፏ አሽታ በተነችበት። ቁንዶ በርበሬ፣ ሸርከት ያለ ደረቅ ቃሪያ ጨመረች። ከላይ ዘይቱን ቀስ ብላ አፈሰሰችና በመጨረሻ ጥቁር አቼቶ ጠብ ጠብ አደረገችበት። አቼቶው ዘይቱ መሃል እንደ ዓይን ብሌን ቁጭ አለ።

«ልብ በል» አለችኝ። «ዘይቱ ጥሩ ከሆነ ጉሮሮን ቆንጠጥ ያደርጋል። ነጭ ሽንኩርቱን ግን…»

«ነጭ ሽንኩርቱን ግን ሳትስሚኝ አልበላም።»

ፊቷ ቀላ። በፎጣ መታችኝ። ከንፈሯ ጫፍ ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር ብልጭ ሲል አየሁ። ወዲያው ከውስጥ ጠሯትና ሄደች። እኔ ያቺን ሳቅ ይዤ ቀኑን ሙሉ ስንጎራደድ ዋልኩ። ሳይጨረስ የቀረ ቃል እንዳለ ትዝም አላለኝ።

ቤቴ ስገባ ደግሞ በገዛ እጄ አሻሻልኩት። ለምን ሳህን ላይ? ጠርሙስ ውስጥ ይሁን። ለምን አንድ ፍሬ? አንድ ራስ ሙሉ ይግባበት። ለምን ወዲያው ይበላል? ይሰንብትና ይዋሃድ። እስከ አንገቱ ሞልቼ፣ በቡሽ ወትፌ፣ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አቆምኩት። ሁለት ሳምንት።

በአሥረኛው ቀን ከሽንኩርቱ ላይ ትንሽዬ አረፋ ተላቃ ወደ ላይ ስትወጣ አየሁ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ። እየተነፈሰ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ጆሮዬን ሁሉ አስጠግቼ አዳምጬዋለሁ።

እሁድ ምሳ ኮስታራ ሥራ ላይ ናት። ሆን ብዬ ነው እሷ የሌለችበትን የመረጥኩት፤ ስትገባ ከአባቷ አፍ እንድትሰማው።

አባቷ በሩን ከፍተው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«የጤና ቁጥጥሩ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ አባባ። ዛሬ ግን ለቁጥጥር አልመጣሁም።»

ሊስቁ ብለው ተዉት። አስገቡኝ። ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አገላብጠው አዩት። ቡሹ ሲነቀል ፍስ አለ፤ የታፈነ ትንፋሽ እንደሚወጣ። ሳህን ላይ አፈሰሱ፣ ዳቦ ቆረሱ፣ አጠቀሱ። ቀስ ብለው አላመጡ። እኔ መንጋጋቸውን እያየሁ ላብ አጠመቀኝ።

«ጥሩ ነው» አሉ። ደግመው አጠቀሱ። «ብላ እንጂ አንተም።»

«አይ አባባ፣ የእርስዎ ነው። እኔ ዳቦ ውስጥ ነው የምውለው።»

ለጨዋነት ብዬ ነው። በዕድሜዬ አንዴ ጨዋ ብሆን፣ ያችው ጨዋነቴ በኋላ አንገበገበችኝ።

ሲሸኙኝ «ማክሰኞ ና» አሉኝ። «ልጄ ባለችበት እንነጋገራለን።» መንገዱን ሙሉ እያፏጨሁ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ሳጥኔን ይዤ ጓሮ በር ስደርስ፣ ኮስታራ ከትናንት የተረፈውን ዘይት ቆሻሻ ጣሳ ውስጥ እየደፋች ነበር። ደስ ያላት ትመስላለች። አባቷ ስለመምጣቴ ነግረዋታል፤ ምን እንዳመጣሁ ግን «ራሱ ይንገርሽ» ብለው ደብቀዋታል።

«ግፍ ነው እኮ» አልኳት። «ይሄን የመሰለ ዘይት ይደፋል?»

«ነግሬህ ነበር፤ አላስጨረስከኝም እንጂ።»

«አሁን ጨርሺዋ።»

እጇን በሽርጧ እያበሰች፣ እንደ ቀላል ነገር፣ ነገረችኝ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ተቀብሮ ሙቀት ላይ ከሰነበተ አየር አያገኝም። አየር በሌለበት ደግሞ መርዝ ሊበቅልበት ይችላል። አይሸትም። አይመርም። መልኩም አይቀየርም።

«መጀመሪያ ዓይን ነው የሚይዘው» አለች። «ከዚያ ጉሮሮ። ከዚያ ትንፋሽ። ዋናው ሼፍ የቀጠረኝ ቀን መጀመሪያ ያስተማረኝ እሱን ነው።»

ሳጥኑ ከእጄ ወደቀ። ዳቦው መሬት ላይ ተንከባለለ።

አልዋሽም፣ አንድ ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። ዝም ልበልና በዳቦ መኪናው ቤታቸው በርሬ ልሂድ። ጠርሙሱን አምልጦኝ እንደተሰበረ አድርጌ ልስበረው። ማንም አያውቅም፤ ማክሰኞም ፀጉሬን አበጥሬ እቀርባለሁ። ግን ሰውየው በልተዋል። ሁለቴ ሲያጠቅሱ በዓይኔ አይቻለሁ።

«አባትሽ በልተዋል» አልኳት።

«ምን?»

«ትናንት። እኔ ሠርቼ ወሰድኩላቸው። ጠርሙስ ውስጥ። ሁለት ሳምንት መስኮት ላይ…»

ዓይኗን አጠበበች። «ደግሞ ጀመርክ። በአባቴ ቀልድ አልወድም።»

«ቀልድ አይደለም።»

«ከጤና ቁጥጥር ነው ስትለኝም ድምፅህ እንዲሁ ነበር።»

ልምልላት ፈለግኩ፣ አፌ እምቢ አለኝ። ያ ሲለፈልፍ የኖረ አፍ። እጇን ያዝኩ። ከዚያ በፊት እጇን ይዤ አላውቅም፤ ስንት ጊዜ ሳስበው ግን እንዲህ አልነበረም። እጄ በረዶ ሆኗል። ዓይኔን አየች፣ እጄን አየች፣ ደግማ ዓይኔን አየች። ሽርጧን ሳትፈታ መኪናው ውስጥ ገባች።

መንገድ ላይ ደጋግማ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። ይጠራል፣ አይነሳም። ከኋላ ትኩስ ዳቦው ይሸተኛል፤ ያን ቀን መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ።

በሩ ገርበብ ብሏል። አባቷ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ዳቦ አለ፣ ሳህን አለ፣ ጠርሙሱም አለ። ሩቡ ጎድሏል። ስልኩ እዚያው አጠገባቸው እየጠራ ነው፤ እጃቸውን ይሰዳሉ፣ ይስቱታል።

ቀና ብለው አዩኝ። የቀኝ ዓይናቸው ቆብ እንደ መጋረጃ ግማሽ ድረስ ወርዷል።

«ዛሬ ደግሞ ሁለት ሆነህ መጣህ?» አሉኝ። ምላሳቸው ተሳስሯል። «አንዱ መች አነሰኝ።»

ልስቅ ነበር። እውነቴን ነው፣ ሳቁ ጉሮሮዬ ደርሷል። ከዚያ ዞር ብዬ ጎኔን አየሁ። ኮስታራ ገና በሩ ላይ ናት። እዚያ ክፍል ውስጥ የቆምኩት እኔ አንድ ብቻ ነኝ።

ሆስፒታል ጠርሙሱን ይዘን ሄድን። ሐኪሟ የሠራሁትን አንድ በአንድ አስነገረችኝ፤ አንዱንም አልዘለልኩም። «የበሉትን ባታውቁ ኖሮ ስትሮክ ነው ብለን ጊዜ እናጠፋ ነበር» አለች። መድኃኒቱን እዚያው ሰጧቸው። «መርዙን ባለበት ያቆመዋል እንጂ የሠራውን አያፈርሰውም። ገና ሊብስባቸው ይችላል» አለችን። ባሰባቸውም። ቀኑ ሳይመሽ ትንፋሻቸው አጠረና ማሽን ላይ አደረጓቸው።

ዓይናቸውን መግለጥ አይችሉም። ጣታቸውን ማንሳት አይችሉም። ግን ይሰማሉ፣ ሁሉንም ይሰማሉ አለች ሐኪሟ። እንዲያውም መስማታቸው ነው የባሰው።

ኮስታራ ያናገረችኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳውን እያየች።

«አትምጣ አልልህም» አለችኝ። «ግን አታውራ።»

አላወራሁም። በየቀኑ ዳቦዬን አድርሼ እመጣለሁ፣ ከአልጋው ወዲያ እቀመጣለሁ። እሷ ወዲህ ናት። መሃላችን ማሽኑ አለ። ሽው ይላል፣ ቆም ይላል። ቆም ባለ ቁጥር እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ያ ጠርሙስ ይታየኛል፤ አረፋዋ ትወጣለች፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላ። ደስ ብሎኝ ጆሮዬን ያስጠጋሁበት።

አንድ ቀን ቁጭ ባለችበት እንቅልፍ ጣላት። ጃኬቴን አውልቄ ደረብኩላት። ነቃች፣ ጃኬቱን አየች፣ እኔን አየች። አላወለቀችውም።

በአራተኛው ሳምንት የአባቷ ጣት ተንቀሳቀሰ። ከቀናት በኋላ የግራ ዓይናቸው ተገለጠ። የማሽኑ ቱቦ ጉሮሯቸው ውስጥ ስለሆነ አይናገሩም፤ በጣታቸው አየር ላይ ጻፍ ጻፍ አደረጉ። ኮስታራ ወረቀት ያዘችላቸው፣ እስክሪብቶ አስጨበጠቻቸው። ስንት ጊዜ እንደፈጀባቸው አትጠይቁኝ። ሲጨርሱ ለእሷ አልሰጧትም። ወደ እኔ ገፉት።

ፊደሉ እንደ ሰከረ ሰው ይወላገዳል። እኔ ደግሞ ደህናውንም ጽሑፍ በመከራ ነው። በጣቴ እየተከተልኩ ጀመርኩ። ዓይንህን እንዳላይ ነው የሚለው ብዬ ነበር። ልጄን እንዳትቀርባት ነው የሚለው።

«ሽ… ን… ኩ…»

«ጮክ ብለህ አንብበው» አለችኝ።

«ሽንኩርት አብዝተሃል።»

ከጎኔ አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ ለቅሶ መሰለኝ። ለካ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ጥላ እየሳቀች ነው። እያለቀሰችም ነበር። ያቺን ከንፈሯ ጫፍ ላይ ብቻ የማውቃትን ሳቅ ሙሉዋን የሰማሁት ያኔ ነው። በዚያ ሁሉ መሃል ማሽኑ ሽው ይላል፣ ቆም ይላል።

አሁን አባቷ በከዘራ ይሄዳሉ። ሲደክማቸው የቀኝ ዓይናቸው ቆብ ትንሽ ይወርዳል። ሐኪሟ ከጊዜ ጋር ይስተካከላል ብላለች።

ባለፈው እሁድ እዚያው ጠረጴዛ ጋ ተቀመጥን። ዳቦው የኔ ነው፤ ቅርፊቱ ጠንካራው። ኮስታራ ሳህን አቀረበች፣ ጨውና አንድ ፍሬ ይዛ ትደቁስ ጀመር።

«ነጭ ሽንኩርቱን ግን…» ብላ ቆመች። አየችኝ።

ቀልዱ ምላሴ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል። ዋጥኩት።

«…ቁጭ ብለን የምንጨርሰውን ያህል ብቻ። የተረፈ አይቀመጥም።»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ሌላም አለ፣ አታቋርጠኝ።» ዘይቱን ቀስ ብላ አፈሰሰች። ጆሮዋ ቀልቷል። «እኔና አባባ ቀን ቆርጠናል። የመጪው ወር መጨረሻ ላይ ነው። አንተን አልጠየቅንህም፤ አታውራ ተብለህ ስለነበር።»

አላቋረጥኳትም። ጨረሰች፣ ከጨረሰችም በኋላ ዝም እንዳልኩ ነኝ። ዳቦውን በላን። ሳህኑ ላይ የቀረችውን ዘይት ተነስታ ስትደፋ፣ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ በዓይኔ ተከተልኳት።

«ምን ሆኗል ይሄ ልጅ?» አሉ አባቷ። «አሞታል እንዴ?»

ይህን ብለው ዓይናቸውን አሹ። የዓይናቸው ቆብ ወረደ፣ ቆየ፣ ቀስ ብሎ ተመልሶ ወጣ።

«አባባ» አልኳቸው፣ «ስንት ሆኜ ነው የምታይዎት?»

ኮስታራ ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች። አባቷ አተኩረው አዩኝ።

«አንድ» አሉ። «ይበቃል።»