መልሰሽ ካልነገርሽኝ አልሰማሽም

ጭልፊትን ያወቃት ሰው እስከ ዛሬ አልተፈጠረም።

ይህን የምትለው ራሷ ጭልፊት ናት። ሥራዋ ምስጢር ስለሆነ ሌላ የሚልላት የለም። ሐዋሳ ላይ መነኩሲት ሆናለች። ሞያሌ ላይ የጫት ነጋዴ ሚስት ሆናለች። ድሬዳዋ ላይ የገዛ አክስቷ አጠገቧ ተቀምጣ «የኔ ልጅ፣ ሰዓት ስንት ሆነ?» ብላ ጠይቃት፣ አመስግናት ሄዳለች።

አሁን ቡታጅራ መናኸሪያ ቆማለች። መታወቂያዋ ትርሲት ይላል። የእምድብር ልጅ፣ ሥራ ፈላጊ ፓይለት። እናቷ ሔራን ብላ ስም እንዳወጣችላት የሚያውቁት እሷና እናቷ ብቻ ናቸው።

የበርበሬ ሻጩ ጆንያው ላይ ተደግፎ ያዛጋል።

«የማረቆ ነው?»

«የማረቆ ነው። ግን ያስነጥሳል።»

«ማስነጠስ ለምጃለሁ።»

ምልክቱ ገጠመ። ሰውየው በፌስታል በርበሬ ሰፍሮ ሰጣት። ከበርበሬው ሥር ሳሙና የሚያክል፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ነገር አለ።

ስልኳ ነዘረ። ዋርካ ነው፤ አለቃዋ።

«ደረሰሽ?»

«ደረሰኝ።»

«መከታተያ ነው። እንዳትከፍቺው። ሱራፌል ቦርሳ ውስጥ ክተቺው። የወርቅ አሻጋሪዎቹ ሰው እሱ ነው።»

ዘጋው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘቢዳር የሚባል አዲስ አየር መንገድ ትንንሽ አውሮፕላኖች ገዝቶ ፓይለት ሊቀጥር ነው፤ ቃለ መጠይቁ ነገ ጠዋት ወልቂጤ ላይ ነው። ወርቅ አሻጋሪዎች ደግሞ የራሳቸውን ሰው መሪው ላይ ሊያስቀምጡ ይፈልጋሉ። ያ ሰው ከካፒቴን ሀብተወልድ ተማሪዎች አንዱ ነው ተባለ። ካፒቴኑ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ እዚሁ ቡታጅራ፣ ከዘርፈሽዋል ክትፎ ቤት ጀርባ ክፍል ተከራይተው ለቃለ መጠይቁ ያዘጋጃሉ። ተማሪዎቻቸው ሱራፌል፣ ማርቲ፣ እና ትርሲት ነኝ ባይዋ።

ችግሩ ሱራፌል ሳቁ ያምራል። ወንጀለኛ እንዲህ መሳቅ የለበትም።

«ልጆቼ፣» አሉ ካፒቴኑ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ «ሞተሩ ቢጠፋብሽስ? ትርሲት!»

«አፍንጫውን ዝቅ አድርጌ ፍጥነቴን እጠብቃለሁ። ማረፊያ እመርጣለሁ። ከዚያ ታወር ላይ ላለው ተቆጣጣሪ እናገራለሁ።»

አንድም ቃል አልሳተችም። መጽሐፉን እንደ ውዳሴ ማርያም ሸምድዳዋለች።

«ጎበዝ። ታወር የነገራችሁን ግን መልሳችሁ ንገሩት። ከፍታ ቢላችሁ ከፍታ፣ አቅጣጫ ቢላችሁ አቅጣጫ። መልሰሽ ካልነገርሽኝ አልሰማሽም። ያልሰማ ፓይለት ደግሞ ተራራ ይገጫል።»

ለምሳ ክትፎ ቤቱ ገቡ። ዘርፈሽዋል እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች።

«ለብለብ አድርጌ፣ አይቡን ለብቻ፣ ኮቾ ጨምሬ ላምጣ?»

«ለብለብ፣ አይብ ለብቻ፣ ኮቾ ጭማሪ፣» አለ ሱራፌል።

«እኔ እኮ ነኝ ያልኩት! ይሄ ልጅ ለየለት።»

«ዘርፌ፣ አመል ሆኖብኝ ነው። እማዬ ስኳር ግዛ ስትለኝ እንኳ እደግምላታለሁ።»

ሳቁበት። ሔራንም ሳቀች። በእሷ ሙያ የተነገረን መድገም ነውር ነው፤ ሰምተሽ ትውጫለሽ፣ አለቀ። ሱራፌል እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ጥቅሉን ቦርሳው ሥር ከተተችው።



በማግስቱ ጠዋት ወደ ወልቂጤ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ሱራፌል ከፊት ተቀመጠ። እናቱ የተኮሰችለት ነጭ ሸሚዝና የበረራ ፈቃዱ ያሉበትን ቦርሳ እንደ ሕፃን ታቅፎታል። ማርቲ ከሔራን ጎን ስልኳን ትነካካለች።

«ቦርሳህን ወደ ውስጥ፣ እግርህን ከበሩ አርቅ!» አለ ረዳቱ።

«ቦርሳ ወደ ውስጥ፣ እግር ከበሩ ማራቅ።»

ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። ሔራን ግን አንድ ነገር ውል አለባት። ወደ ማርቲ ዞረች።

«ማርቲ፣ ስንደርስ በግራ በኩል ውረጂ። ቦርሳሽን አስቀድሚ።»

«እሺ።»

ከፊት በኩል ሱራፌል፣ ዞር እንኳ ሳይል፣ «በግራ መውረድ፣ ቦርሳ ማስቀደም።»

ሔራን ቀዘቀዘች።

አየር ላይ የቆየ ሰው አመሉ ከአፉ ያመልጠዋል። ማርቲ የምትደግመው ክፍል ውስጥ፣ ካፒቴኑ ሲያዩዋት ብቻ ነበር። ይህች ልጅ አውሮፕላን ነድታ አታውቅም። ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለች?

የማርቲ ስልክ በራ፤ ሔራን መልእክቱን በጎን አየችው። «ኬላው ላይ እሱን እይዘዋለሁ። አንቺ ወደ ቃለ መጠይቁ ቀጥይ።»

የላከው ቁጥር የዋርካ ነበር።

ጉብሬ ላይ ሚኒባሱ ለሻይ ቆመ። ሔራን ሱራፌልን ክንዱን ያዘችው።

«ቦርሳህን ስጠኝ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ግባ። እስክመጣ እንዳትወጣ።»

አያት። ምን እንዳየ እሱ ያውቃል።

«ቦርሳ መስጠት። ሻይ ቤት መግባት። እስክትመጪ አለመውጣት።»

ገባ።

ከሚኒባሱ ጀርባ ጥቅሉን በጥርሷ ቀደደችው። ቢጫ። መከታተያ ሳይሆን ወርቅ! ከዋርካ በላይ ወዳለው አለቃ ደወለች።

«ጭልፊት ነኝ። ዋርካ ተሸጧል። ወልቂጤ መግቢያ ኬላ። ቶሎ።»

መልስ ሳትጠብቅ ዘጋችው።

ሚኒባሱ ሱራፌልን ጥሎት ተነሳ። በመስኮት የሻይ ቤቱን በር አየች። አልወጣም። አትውጣ ብላዋለች።

ኬላው ላይ ነጭ መኪና ቆሟል። ዋርካ በሲቪል፣ ከጎኑ ፖሊሶች። ቀጥታ ወደ ቦርሳው መጣ።

«የማን ነው?»

«የእኔ፣» አለች ሔራን።

ፊቱ ተለዋወጠ። እጁ ወደ ወገቡ ሄደ።

ማርቲ ጮኸች።

ሁለተኛ መኪና አቧራውን ሰንጥቆ ገባ። የወረዱት ሔራን የጠራቻቸው ሰዎች ናቸው። አንዱ የዋርካን እጅ ጠመዘዘ፣ ሌላው የማርቲን ስልክ ነጠቀ። መልእክቱ ገና አልጠፋም ነበር።

አለቀ።

ቦርሳው ግን ማስረጃ ተባለ። ሸሚዙም፣ ፈቃዱም፣ ሁሉም ታሽጎ ሄደ።

«የልጁን ፈቃድ ብቻ ስጡኝ!» አለች ሔራን።

«ከፍርድ ቤት በኋላ። አንቺ ደግሞ ትርሲት የሚለውን ስም ገድለሽ ጥፊ፣» አለ አንዱ።

ከሰዓት በኋላ ወልቂጤ መናኸሪያ አንዲት አቮካዶ ሻጭ ሳፋ ተሸክማ ወደ አዲስ አበባ አውቶቡስ ታዘግማለች። ጥቁር ሻሽ እስከ ቅንድቧ፣ ጉንጯ ላይ ጥላሸት፣ የጀርባ ሕመምተኛ አካሄድ። እናቷ እንኳ አትለያትም። እንዲህ እያሰበች በራሷ ስትደነቅ ሱራፌል ከባጃጅ ወረደ። አቧራ ለብሷል። አጠገቡ አለፈች፤ ልቧ እየመታ፣ ትንሽም እየኮራች።

«ትርሲት።»

አልዞረችም።

«ትርሲት፣ አቮካዶሽ እየወደቀ ነው።»

ቆመች።

«ቦርሳህ ይመለስልሃል፣» አለች በሹክሹክታ። «ወንጀል የለብህም። ከዚህ በላይ መናገር አልችልም።»

«ቃለ መጠይቁስ?»

አቮካዶውን ሳፋው ላይ አስተካከለች።

«አልቋል፣» አለ እሱ። «አሁን ዘቢዳሮች ጋ ነበርኩ። ያለ ፈቃድ አናይህም አሉኝ። እስክትመጪ አልወጣሁም ነበር። ባለሻዩ ነው ለምሳ ሊዘጋ ሲል ያስወጣኝ።»

«ይቅርታ፣ ሱሬ።» ግን አላስቻላትም። «እንዴት አወቅከኝ? እኔን እኮ ማንም አውቆኝ አያውቅም!»

«ምን አዲስ ነገር አለ? ማስመሰልሽ ድሮም ያስታውቃል፤ ካፒቴኑ ያውቃሉ፣ ዘርፌ ታውቃለች። ክትፎ ስታዢ አንድ ቀን እንኳ ደግመሽ አታውቂም፤ ገና የመጣሽ ቀን ነው ፓይለት እንዳልሆንሽ የገባን። ሥራ አጥታ የምትዋሽ ምስኪን ናት ብለን አዝነንልሽ ነው ዝም ያልነው።»