ቁልቁለቱ አፍ ላይ

የብስክሌት ክለቡ ልጆች ፌንጣ ብለው የሚጠሩት ልጅ የወደቀው ብስክሌቱን ካቆመ በኋላ ነው። መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ጋ ሲደርሱ ፍሬን ያዘ፣ ቆመ፣ ከዚያ እንደ ተቆረጠ ዛፍ ወደ ቀኝ ዘመም ብሎ ከነብስክሌቱ ተዘረረ። ቀኝ እግሩ ከፔዳሉ አልተላቀቀም ነበር።

«ምን ሆንክ?» አለች ቀጭኔ የሚሏት ጥንዱ፣ የራሷን ብስክሌት ጥላ እየሮጠች።

«አስፋልቱን ልሳመው ብዬ ነዋ!» ሳቀ ፌንጣ፣ የአክስቷ ልጅ። ሳቁ ግን ዘግይቶ የመጣ ሳቅ ነበር።

እግሩን በሁለት እጇ ጠምዝዛ አላቀቀችለትና መንገዱ ዳር አስቀመጠችው። ጫማው ጠንካራ የውድድር ጫማ ነው፤ ሶሉ ፔዳሉ ላይ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል፣ ተረከዝን ወደ ውጭ ጠምዘዝ ሲያደርጉት ይለቃል። ከክለቡ ነባር ልጆች ከአንዱ የተዋሰው ነው። ጠዋት ሲያስረው ጠቦት ፊቱን ሲያጨማድድ አይታዋለች። አሰልጣኙ «በረጅም መንገድ እግር ያብጣል፤ ጫማ ከሰዓት በኋላ ነው የሚለካው» እያለ ስንቴ መክሯቸዋል! ፌንጣ ግን የእሷን ሸራ ጫማ እያየ «አንቺ፣ ገበያ ነው እንዴ የምትወጪው?» ብሎ ሲያሾፍባት ነው የተነሱት።

የዛሬው ጉዞ የቡድን መምረጫ ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ይነዳሉ፤ መንገዱን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ የክለቡ በር ሳይዘጋ ሁለቱም ካልደረሱ ሁለቱም ቀሩ ማለት ነው። እነሱ ጎማ ፈንድቶባቸው ብዙ ዘግይተዋል። ተራራውን በሚዞረው አስፋልት ከሄዱ አይደርሱም። በገደሉ አፋፍ በሚወርደው ኮረኮንች ከሄዱ ግን ይደርሳሉ።

ከገደሉ ሥር ጥቁር ደመና እንደ ጭስ እየተትጎለጎለ ይወጣል። ከውስጡ አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ብቅ አለ። ሹፌሩ አጠገባቸው ሲደርስ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ልጆቼ፣ ወደ ታች ነን እንዳትሉኝ ብቻ! መታጠፊያው ጋ አፈሩ እየተናደ ነው። እኔም አንድ ጎማዬን ገደል አስጎብኝቼው ነው የመጣሁት።» መሳቅ ፈልጎ ነበር፤ ከንፈሩ ግን እሺ አላለውም። መኪናውን አንቀሳቅሶ ሄደ።

«ሰማህ?»

«የሱ እኮ ዝሆን ነው። እኛ ሽው ነው የምንለው።» ፌንጣ ዓይኑን ከቁልቁለቱ አልነቀለም። «ዘንድሮ ካልገባሁ ዕድሜዬ ያልፋል። ታውቂያለሽ አይደል?»

ታውቃለች። አጠገቡ ተንበርክካ፣ ሳትነግረው፣ የጫማውን ጫፍ ጨርቁ ሳሳ ያለበት ላይ በአውራ ጣቷ ጫን አለች። ቀጥላ ባለ በሌለ ኃይሏ ተጫነችው። እሱ መታጠፊያዎቹን እንዴት እንደሚወርዳቸው ማውራቱን ቀጠለ።

«እግርህ ይሰማሃል?»

«እንዴታ!»

«እና የት ጋ ነው የያዝኩህ?»

ወደ ታች አየ። እጇን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ፍሬን እይዛለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እግሬን ማውጣት አያስፈልገኝም።»

«ቅድምም እኮ ፍሬን ይዘህ ነበር።»

ከደመናው ውስጥ ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማ፤ ሌላም ተከተለው። ከዚያ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው የድንጋዮቹን ማረፊያ ጠበቁ። ምንም አልተሰማም።

«ብቻዬን ወርጄ እስክትደርሺ በሩ እንዳይዘጋ እለምናለሁ። አንቺ በአስፋልቱ ነይ» አለ ፌንጣ። «ለአሰልጣኙ ግን ስለ እግሬ ትንፍሽ እንዳትዪ። በአክስትሽ ይዤሻለሁ።»

ቀጭኔ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች። እጁን ዘርግቶ ሊከለክላት አለና ተወው። ካልሲውን ስታወልቅ ጣቶቹ ሻማ መስለው ነጥተዋል። ሁለቱንም ጫማ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዚፑን ዘጋች፤ ስልኳንም አወጣች።

«አሰልጣኝ፣ እኛ ነን» አለች። «በአስፋልቱ ቀስ ብለን እየመጣን ነው። አትጠብቁን።»