ሁለቴ የተጠራሁበት አዳራሽ

እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፣ ድምፅ ከሰማሁ ወይ ውሃ ያፈሳል ወይ አየር ገብቷል እላለሁ እንጂ ጂን፣ ዛር ሲሉኝ ስቄ ነው የማልፈው፣ ይህን አስቀድማችሁ ያዙልኝ።

ጅዳ ነው፣ የኮምፒውተር አዳራሽ ስንሠራ። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ሙቀታቸው አይጣል ነው፣ የአየር ማቀዝቀዣ ብቻውን አይችላቸውም፣ ቀዝቃዛ ውሃ በቧንቧ እስከ ጉያቸው መድረስ አለበት። እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ታዲያ በቦታቸው ትልልቅ ማሞቂያ እናቆምና ቧንቧው ይችል እንደሆነ እንፈትነዋለን። ማሞቂያው ከተከፈተ ደግሞ ጥሎ መውጣት የለም።

የዚያን ሰሞን ልቤ ያለው ከከተማው ወዲያ ጫፍ፣ ኦብሑር ሰፈር ነበር። ታናሽ እህቴ ጥሩዬ እዚያ የቤት ሠራተኛ ናት፣ ማዳሟ ስልኳን ከቀማቻት አራት ወር ሆኗል፣ የምትሠራበትን ግቢ እንኳ አላውቀውም። ካሳደግኳት ልጅ ጋር በአንድ ከተማ እየኖርኩ ድምፅዋ ናፈቀኝ፣ እመኑኝ፣ አገር ቤት ትቻት ስመጣ እንኳ እንዲህ አልናፈቀችኝም።

እሁድ መግሪብ ሲደርስ አለቃችን ጀማል፣ መካ ተወልዶ ያደገ የወሎ ሰው ነው፣ ሠራተኛውን ሰበሰበ።

«ያላ፣ ሰላት! አስፋው፣ አንተ ክርስቲያኑ ማሞቂያዎቹን ጠብቅልን።»

«ሂዱ፣ ለእህቴም ዱዓ አድርጉላት።»

«ኢንሻአላህ» አለና በሩን ዘጋው።

ብቻዬን ቀረሁ። መጀመሪያ ቧንቧው ጠብ፣ ጠብ አለ፣ ብፈትሽ ፍሳሽ የለም። ቀጥሎ ከወለሉ ስር የነጠላ ጫማ ኮቴ ሰማሁ፣ ልክ ጥሩዬ እንደምትጎትተው። ከዚያ «ጋሽዬ!» አለችኝ። የራሷ ድምፅ ነው፣ ጉንፋን የያዘው።

አፌ ላይ የደረሰውን አቤት ዋጥኩት። የጠራህን ካላየኸው፣ ጂን እንዳይሆን፣ ሦስቴ ሳይጠራህ አቤት አትበል እየተባልን ነዋ ያደግነው! ለካ አላምንም የምለው በአፌ ብቻ ነው። «ጋሽዬ!» ሁለት። ጆሮዬን ቧንቧው ላይ ለጥፌ ሦስተኛውን ጥሪ ስጠብቅ በሩ ተከፈተ።

«ምን ሆነሃል?» አለኝ ጀማል።

«እህቴ ጠራችኝ።»

«ወላሂ፣ እዚህ ውስጥ ስልክ እንኳ አይሠራም» አለና ትከሻዬን ያዘኝ።

በሳምንቱ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ጥሩዬ ናት፣ በጎረቤት ሠራተኛ ስልክ፣ በሹክሹክታ። የት ነሽ ሳልላት ቀደመችኝ።

«ባለፈው እሁድ መግሪብ ላይ ሁለቴ ጠራሁህ፣ ጋሽዬ። ለምን ዝም አልከኝ?»

መስመሩ ተቋረጠ። ቁጥሩን ብደውል፣ ብደውል ዝግ ነው፣ እስከ ዛሬ።

አዳራሹ አልቋል፣ ኮምፒውተሮቹም ገብተዋል፣ ጫጫታቸው ሰው አያሰማም። እኔ ግን ቧንቧ ልፈትሽ በገባሁ ቁጥር ጎንበስ እልና፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ አቤት እላለሁ።