የንጉሴ መኪና ድንጋይ

ንጉሴን የገደለችው የሚወዳት መኪናው ናት። ቅዳሜ ሰንበት ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሺራን እስራኤል ውስጥ ቂርያት ማላኺ ከተማ ስትደርስ አስከሬኑ ተነሥቶ ነበር። ነጯ መኪና ግን ከላይ ከመቆሚያዋ ተንሸራትታ እንደወረደች አፍንጫዋን ከግቢው ግንብ ጋር አጣብቃ ቆማለች።

ጎረቤቱ ፍርዱን ጨርሷል። ጥፋተኛው ቤኤር ቱቪያ ጋራዥ የሚሠራው የሟቹ ጓደኛ ወርቅአፈራሁ ነው፤ በሳምንቱ ፍሬኗን የነካካ እሱ ነውና። ሁለት ፖሊሶች ሊወስዱት በር ላይ ይጠብቃሉ።

«ጋሼ ወርቅአፈራሁ፣ ምኗን ነበር የሠሩት?»

«የእግር ፍሬኗን ነው ልጄ። እኔም እንደሷው ዓይነት አለችኝ። ሞተሯ ዕድሜ አይበግረውም። የእጅ ፍሬኗና ማርሿ ግን ሲያረጁ ቁልቁለት ላይ አይይዙም። እንቀይረው ብለው ‹ጎማዋ ሥር የማደርገው ድንጋይ ይበቃኛል› አለኝ። ልጁ ዶር ሲወለድ የገዛት ናት፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም እያለ ሲኮራባት!»

«ዛሬ አይተውታል?»

«ጧት ጸሎት ላይ። ደረቱን ይዞ፣ የልብ መድኃኒቴ አልቋል አለኝ።»

ሺራን ግንባሯን ቋጠረች። ከሟቹ ኪስ የተገኘው መድኃኒት አንድ ፍሬ ብቻ የጎደለው አዲስ ነው።

ወደ መቆሚያው ወጣች። ድንጋዩ መንገድ ዳር ተቀምጧል። ዝናቡ ዓርብ ማታ ጀምሮ ሲነጋ ነው ያባራው፤ መኪናዋ የቆመችበት አስፋልትም እንደ ሌላው ሁሉ ርሷል።

የሟቹን ሚስት ጠየቀቻት። «እትዬ የሻሽወርቅ፣ መኪናዋን መቼ አቆሟት?»

«ዓርብ፣ ፀሐይ ሳትገባ። ገዴራ ከተማ ልጄን ማያን አራስ ጥየቃ ሄጄባት ነበር።»

ወታደሩ ልጇ ዶር ዓይኑ አብጧል። «እኔ በሰንበት እነዳለሁ፤ ከአባባ ጋር የምንጣላውም በዚያ ነው። ግን ያቭኔ ከተማ ጓደኛዬ ጋ ነው ያደርሁ፣ ቤሰደር? እሺ?»

ሺራን ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። የምትናገረውን አልወደደችውም።

«መኪናዋ እዚህ ብታድር ሥሯ ደረቅ በሆነ ነበር። ስለዚህ የመጣችው ዛሬ ነው። መድኃኒቱም ጧት አልነበረም፤ ከጸሎት በኋላ ደርሷል። አብረው መጡ።»

ሁሉም ወደ ዶር ዞረ።

«ዶር አይደለም። እሱ ቢሆን ድንጋዩን ያደርግ ነበር፤ ሰንበት አይከለክለውም። በሰንበት መኪና ነድቶ፣ ድንጋይ ማንሣት ሰንበት መሻር ነው ብሎ የሚፈራ ማን ነው? ሰንበትን የሚያከብር፣ ነፍስ ለማዳን ብቻ የነዳ ሰው ነው። እትዬ፣ መድኃኒቱ እርስዎ ጋ ነበር።»

የሻሽወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ዓርብ ከክሊኒክ ተቀብዬለት ቦርሳዬ ውስጥ ረሳሁት። ማያ ቤት አድሬ ዛሬ ጧት ሳገኘው ደወልሁ፤ በሰንበት ስልክ አያነሣም። ለነፍስ ነው ብዬ ነዳሁ። ድንጋዩ ግን ለነፍስ አልመሰለኝም።»

«ታዲያ ለምን ዋሹ?»

«ሰንበት ሻረች እንዳልባል። ወርቅአፈራሁ፣ በቁምህ ልቀብርህ ነበር፤ ይቅር በለኝ።»

ሺራን ፖሊሶቹን በእጇ አሰናበተች።

«እማ፣» አለ ዶር፣ «መድኃኒቱን ወስዶ ነበር?»

«ወስዷል። መረቀኝም። ከዚያ ‹ድንጋዩን አድርገሻል?› አለኝ። ‹ሰንበት አይደል ወይ?› ብለው፣ ‹እስቲ ልያት› ብሎ ወጣ።»