ትንሽ ስጪኝ

ይህን ከሰው አልሰማሁትም፤ በራሴ የደረሰ ነው። ጨለማም አልነበረም... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ጓሯችን ላይ ፍጥጥ ብላ ነበር።

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ያቺ አሮጌ መኪናው ጓሮ ቆማ ቀርታለች።

ታናሽ ወንድሙ መጣ።

"እህት ዓለም፣ ዛሬ ታይሚንጓን እናያለን። እምቢ ካለች ግን ቁርጡን እወቂው... ለአሮጌ ብረት ነው የምትሄደው።"

እሺ አልኩ። ባሌ ሲመጣ ገና ከመንገዱ ጥግ የሞተሯን ድምፅ ሰምቼ ነበር በር የምከፍተው። ከእሱ የቀረኝ ያ ድምፅ ብቻ ነው።

ባሌ ታይሚንጓን፣ ሞተሯ ውስጥ እሳት የሚጫርበትን ቅጽበት፣ የሚያስተካክለው በጆሮው ነበር። ኮፋኖውን ከፍቶ ሞተሩ ላይ ይደፋል፤ እኔ መሪው ጋ ቁጭ ብዬ ነዳጅ እረግጣለሁ። ኮፋኖው ስለሚጋርደን አንተያይም።

"ትንሽ ስጪኝ..." ይለኛል። እሰጠዋለሁ።

ያን ቀን ግን ወንድሙ መሪው ጋ ተቀመጠ፤ እኔ ከፊት ሆኜ ተውሶ ያመጣውን መብራት ያዝኩ። ካንዴላዋ እሳት በረጨች ቁጥር ብልጭ የሚል ነው። ከሞተሩ ፊት የሚሽከረከረውን ክብ ብረት፣ ፑሌጃውን፣ የቆመ ያስመስለዋል፤ ላዩ ላይ የተሰመረው ምልክት የት እንዳለ ይታያል።

ሞተሩ ተነሳ... ያስላል። ምልክቱ ቦታውን ስቷል።

እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያድለውን ዲስትሪቢውተር የሚያስረውን ብሎን ልፈታ መፍቻ ሳስጠጋ... ተፈትቶ አገኘሁት። ወንድሙ የፈታው መሰለኝ።

ታይሚንጉ እንዲስተካከል ዲስትሪቢውተሩን ላዞረው እጄን ላክሁ።

ሳልነካው ዞረ።

ቀስ ብሎ... ፀጉር ታህል።

ሳሉ ቆመ። ያ የማውቀው ድምፅ መጣ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ከመኪናው ውስጥ ሳቅ ሰማሁ።

"ኧረ ተይ! ሴት አደረግሽኝ እንዴ?"

"ምን አልኩህ?"

"'ትንሽ ስጪኝ' አላልሽም?"

አፌን አልከፈትኩም ነበር።

ሳቁ ተቋረጠ። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ነቅሎ ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ድምፁ... ወፍራም ነበር" አለኝ በሹክሹክታ። "የወንድሜን..."

ሄዶ የግቢው በር ላይ ቆመ።

መብራቱን ሞተሩ ላይ አስቀመጥኩና እሱ በለቀቀው ወንበር ተቀመጥኩ። ኮፋኖው ፊቴን ጋረደው።

ጠበቅሁ...

"ትንሽ ስጪኝ።"

እግሬን ጫን አደረግኩ።

ወንድሙ ቁልፉን በእጁ እንደጨበጠ ነው። ሞተሩ ጭጭ ብሏል።

በኮፋኖው ስር ግን መብራቱ ብልጭ አለ...

ብልጭ...


ብልጭ።